የማሕፀን በርና የሕዋስ በሮች

ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድ ሲባል የትልቁና የትንሹ አቃቂ ወንዞች ውኃ የሚጠራቀምበት የአባ ሳሙኤል ግድብ ይገኛል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተገነባው ይህ ግድብ በሀገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ሲሆን፣ ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2016 እ.ኤ.አ. እንደገና ማመንጨት ጀምሯል። የአሠራሩ መርሕ ለማንም ግልጽ ነው። ከግድቡ በአንደኛው ወገን ውኃ ከፍ ብሎ ይከማቻል፤ በሌላው ወገን ዝቅ ያለ ሥፍራ አለ። በሩ ተዘግቶ እስካለ ድረስ ውኃው የታመቀ ኃይል ይዞ ይቀመጣል። በሩ ሲከፈት ያ ኃይል ወደ እንቅስቃሴ ተለውጦ ተርባይኑን ያሽከረክራል። በሮቹ ያለ ጊዜያቸው ቢከፈቱ ወይም ከሚገባው በላይ ቢበዙ ግን ያው ልማት የነበረው ውኃ ጥፋት ይሆናል።

በሰውነታችን ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ሁሉ በዚሁ መርሕ የሚሠሩ ጥቃቅን ግድቦች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የግድቦቹ በሮች «የአዮን መተላለፊያዎች» ወይም በተለመደው አጠራር «አዮን ቻናሎች» ይባላሉ። ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ገደማ የተደረጉ ምርምሮች እንደሚያመለክቱት፣ የእነዚህ በሮች ሥርዓት መዛባት በካንሰር እድገት ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአንድ በሽታ ላይ፣ ማለትም በማሕፀን በር ካንሰር ላይ፣ አተኩረን እንመለከታለን።

ይህን በሽታ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 660 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች በማሕፀን በር ካንሰር የተያዙ ሲሆን፣ ወደ 350 ሺህ የሚጠጉት ሞተዋል። ከሟቾቹ ከመቶ 94ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች የሚኖሩ ነበሩ። በኢትዮጵያ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን የሚያጠቃው ይኸው ካንሰር ሲሆን፣ በየዓመቱ ከ7,000 በላይ ሴቶች እንደሚያዙና ከ5,000 በላይ እንደሚሞቱ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት ያሳያል። እነዚህ የአንባቢው እናቶች፣ አክስቶችና ታላቅ እኅቶች ናቸው።

ሕዋስ እንደ ግድብ

እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ የቅባት ሽፋን የተከበበ ነው። የሽፋኑ ውፍረት 5 ናኖሜትር ያህል ነው። ይህም ማለት አንድ ሚሊሜትር ለሁለት መቶ ሺህ ሲካፈል የሚገኘው ርዝመት ነው። ቅባት የኤሌክትሪክ ሙል የያዙ አተሞችን፣ ማለትም አዮኖችን፣ አያሳልፍም። በሽፋኑ ላይ የተተከለ አንድ ፕሮቲን ደግሞ እንደ ፓምፕ ያለማቋረጥ ይሠራል። በእያንዳንዱ ዙር 3 የሶዲየም አዮኖችን ወደ ውጭ አውጥቶ 2 የፖታሲየም አዮኖችን ወደ ውስጥ ያስገባል። ይህን ፓምፕ በ1957 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ከዚህ የተነሣ በሽፋኑ ሁለት ወገኖች ከፍተኛ የመጠን ልዩነት ይፈጠራል። በሕዋሱ ውስጥ የፖታሲየም ክምችት በሊትር 140 ሚሊሞል ያህል ሲሆን፣ በውጭ 5 ብቻ ነው። ሶዲየም በተቃራኒው በውጭ 145፣ በውስጥ 12 ያህል ነው። የካልሲየም ልዩነት ከሁሉም ይበልጣል፤ የውጭው ክምችት ከውስጡ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል።

አሁን ፖታሲየምን ብቻ የሚያሳልፍ በር ተከፈተ እንበል። አዮኖቹ ከበዙበት ወደ አነሱበት፣ ማለትም ወደ ውጭ፣ ይፈሳሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ አዮን አዎንታዊ ሙል ይዞ ስለሚወጣ የሕዋሱ ውስጥ አሉታዊ እየሆነ ይሄዳል። ይህም አሉታዊነት የሚወጡትን አዮኖች ወደ ኋላ ይስባል። ሁለቱ ኃይሎች የሚመጣጠኑበትን ቮልቴጅ ለማስላት የጀርመናዊው የቫልተር ኔርንስት ቀመር ያገለግላል። በሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 61.5 ሚሊቮልትን በ(5 ÷ 140) ሎጋሪዝም ብናባዛ −89 ሚሊቮልት ያህል እናገኛለን። ተማሪዎች ለሶዲየም ተመሳሳዩን ስሌት ቢሠሩ ወደ +67 ሚሊቮልት ይደርሳሉ። እንግዲህ የሕዋሱ ቮልቴጅ በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል የሚወሰነው የትኞቹ በሮች እንደተከፈቱ ነው።

70 ሚሊቮልት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ቮልቴጅ ያረፈው በ5 ናኖሜትር ውፍረት ላይ መሆኑን አንዘንጋ። 0.07 ቮልት ለ0.000000005 ሜትር ሲካፈል በሜትር 14 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። ደረቅ አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያሳልፈው በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። በቃሊቲ የኤሌክትሪክ ማሰራጫ ጣቢያ አጠገብ የሚያልፍ ሰው የከፍተኛ ኃይል ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ራቅ ብሎ ይሄዳል። በገዛ ሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ግን አየርን ከሚሰነጥቀው መስክ ከአራት እጥፍ በላይ የበረታ ነው።

በሮቹ እንዴት ታወቁ?

እንግሊዛውያኑ አላን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ በ1952 እ.ኤ.አ. የስኩዊድ የተባለውን የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ መርምረው የነርቭ መልእክት የሚተላለፈው የሶዲየምና የፖታሲየም መንገዶች በቮልቴጅ ትእዛዝ ሲከፈቱና ሲዘጉ መሆኑን በሒሳብ ቀመር አስረዱ። ለዚህም በ1963 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ሆኖም አንዷን በር ለብቻዋ ያየ አልነበረም። በ1976 ጀርመናውያኑ ኤርቪን ኔኸርና በርት ዛክማን ጫፉ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ የብርጭቆ ቱቦ በሕዋስ ሽፋን ላይ በማጣበቅ የአንዲትን በር ፍሰት ለመለካት ቻሉ። በአንድ በር በሰከንድ 10 ሚሊዮን ያህል አዮኖች ቢያልፉ፣ የእያንዳንዱ ሙል 1.6 ሲባዛ በ10 ኃይል −19 ኩሎምብ ስለሆነ፣ ፍሰቱ 1.6 ፒኮአምፔር ይሆናል። ይህም የአንድ አምፔር ትሪሊዮንኛ ክፍል ገደማ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት በ1991 ተሸልመዋል።

ሌላው እንቆቅልሽ የመራጭነት ጉዳይ ነበር። የሶዲየም አዮን ከፖታሲየም ያንሳል። ታዲያ የፖታሲየም በር ትልቁን አሳልፎ ትንሹን የሚከለክለው እንዴት ነው? አሜሪካዊው ሮድሪክ ማኪነን በ1998 የአንድ በር ቅርጽ በኤክስሬይ ሲገልጽ መልሱ ታወቀ። በጠባቡ መተላለፊያ ዙሪያ የተደረደሩ የኦክስጅን አተሞች ለፖታሲየም በልኩ የተሰፋ ልብስ ሆነው ይቀበሉታል። ሶዲየም ግን ከማነሱ የተነሣ ኦክስጅኖቹ ጋር በአግባቡ ሊደርስ ስለማይችል ከብበውት ያሉትን የውኃ ሞለኪዩሎች አውልቆ ለመግባት ኃይሉ አይበቃውም። ማኪነንም በ2003 የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል።

ቮልቴጅና የሕዋስ መከፋፈል

ለረጅም ጊዜ አዮን ቻናሎች የነርቭና የጡንቻ ጉዳይ ብቻ ተደርገው ይታዩ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ክላረንስ ኮን የሕዋስ ቮልቴጅ ከመከፋፈል ጋር ግንኙነት አለው የሚል ሐሳብ አቀረበ። መከፋፈል ያቆሙ የነርቭና የጡንቻ ሕዋሳት ከ−70 እስከ −90 ሚሊቮልት ሲይዙ፣ ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈሉ ሕዋሳት፣ የካንሰር ሕዋሳትም ጭምር፣ ቮልቴጃቸው ብዙውን ጊዜ ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። ቮልቴጁ በመከፋፈል ዑደት ውስጥም አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም፤ ከደረጃ ወደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ይላል።

በሮቹ መከፋፈልን የሚረዱባቸው መንገዶች ቢያንስ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የፖታሲየም በሮች ሲከፈቱ የሕዋሱ ውስጥ ይበልጥ አሉታዊ ስለሚሆን ካልሲየምን ወደ ውስጥ የሚስበው ኃይል ይጨምራል፤ ካልሲየም ደግሞ በሕዋስ ውስጥ «ተከፋፈል» ወይም «ተንቀሳቀስ» ለሚሉ ትእዛዞች መልእክተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ ሲወጡ ውኃም ተከትሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ሕዋሱ መጠኑን እየለዋወጠ ለመከፋፈልና በጠባብ ሥፍራ ለማለፍ ይመቸዋል። ሦስተኛ፣ አንዳንድ በሮች አዮን ባያሳልፉ እንኳ ቅርጻቸውን በመለወጥ ብቻ ለሌሎች ፕሮቲኖች ምልክት ይሰጣሉ።

ቫይረሱ በሮቹን እንዴት ይነካል?

የማሕፀን በር ካንሰር ዋነኛ መነሻ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ፣ መሆኑን ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሃራልድ ጹር ሃውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከቫይረሱ በርካታ ዓይነቶች መካከል 16ኛውና 18ኛው ብቻ ለበሽታው 70 በመቶ ያህል ተጠያቂ ናቸው። ቫይረሱ እጅግ የተለመደ በመሆኑ አብዛኛው ሰው በሕይወት ዘመኑ ይያዛል፤ የሰውነት መከላከያም ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ ሲቀር ግን ጤናማውን ሕዋስ ወደ ካንሰር ለመለወጥ በተለምዶ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስድበታል። የኤችአይቪ ቫይረስ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ለዚህ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎች ስድስት እጥፍ ነው።

ቫይረሱ ጥፋቱን የሚያደርሰው በተለይ ኢ6 እና ኢ7 በተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ነው። ኢ6 የሕዋሱን ዘብ፣ ፒ53 የተባለውን ፕሮቲን፣ ያስወግዳል። ኢ7 ደግሞ የመከፋፈልን ፍሬን የሚይዘውን አርቢ የተባለ ፕሮቲን ያሰናክላል። ታዲያ ዘቡና ፍሬኑ ሲጠፉ በሮቹ ምን ይሆናሉ?

እዚህ ላይ አንዲት ዝንብ ወደ ታሪኩ ትገባለች። በ1969 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በፍራፍሬ ላይ ከምትታየው ጥቃቅን ዝንብ ዘር መካከል በኤተር ሲያደነዝዟት እግሮቿን እንደ ጨፋሪ የምታንቀጠቅጥ አገኙ። በጊዜው በነበረው የጭፈራ ቤት ስልትም የዘረመል ለውጡን «ኤተር አ ጎ ጎ» ብለው ሰየሙት። ጉድለቱ ያለው በአንድ የፖታሲየም በር ላይ መሆኑ የኋላ ኋላ ታወቀ። የዚህ በር የሰው አቻ ኬቪ10.1 ይባላል። በጤናማ አዋቂ ሰው በዋናነት የሚገኘው በአንጎል ውስጥ ነው።

በ1999 በጀርመን ሀገር የጎቲንገን ተመራማሪዎች በሩ ከአንጎል ውጭ በሆኑ የካንሰር ሕዋሳት ላይም እንደሚገኝ፣ ሥራውን ሲያግዱትም የሕዋሳቱ መባዛት እንደሚቀንስ ገለጹ። ከመረመሯቸው መካከል «ሂላ» የተባሉት ሕዋሳት ይገኙበታል። እነዚህ ሕዋሳት በ1951 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ከሄንሪየታ ላክስ የማሕፀን በር ዕጢ ሳትጠየቅና ሳትፈቅድ የተወሰዱ ናቸው። እርሷ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ ሞታለች፤ ሕዋሳቷ ግን እስከ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይባዛሉ። ስለዚህ በሽታ ከምናውቀው ጥቂት የማይባለው ከአንዲት በበሽታው ከሞተች ጥቁር ሴት አካል የተገኘ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

በ2004 የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ከሕሙማን በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ያንኑ በር አገኙ። ከመረመሯቸው የካንሰር ናሙናዎች ሁሉ ላይ ምልክቱ ሲታይ፣ ካንሰር ከሌለባቸው ናሙናዎች ግን በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነበር። በ2009 ደግሞ የቫይረሱ ኢ6ና ኢ7፣ እንዲሁም ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን፣ የበሩን መመረት እንደሚጨምሩ አሳዩ። ከዚህ በኋላ የወጡ ጥናቶች ፒ53 በጤናው ጊዜ በተዘዋዋሪ መንገድ የዚህን በር መመረት የሚገታ መሆኑን ስላመለከቱ ሰንሰለቱ እየተያያዘ መጣ፦ ቫይረሱ ዘቡን ያስወግዳል፤ ዘቡ ሲጠፋ በሩ ይበዛል፤ በሩ ሲበዛ ሕዋሱ ለመከፋፈል ይመቸዋል።

በሩ ይህ ብቻ አይደለም። በ2012 የወጣ ሌላ የሜክሲኮ ጥናት ኤንኤቪ1.6 የተባለው የሶዲየም በር በማሕፀን በር ካንሰር ላይ እጅግ በዝቶ እንደሚገኝ፣ ሲታገድም ሕዋሳቱ ወደ ጎረቤት አካል ሰርጎ የመግባት አቅማቸው በከፊል እንደሚቀንስ አሳይቷል። በ2011 የታይዋን ተመራማሪዎች በበኩላቸው ስቲም1 የተባለው ፕሮቲን፣ የካልሲየምን መግቢያ በር የሚያስከፍተው፣ ለዕጢው እድገትና ለደም ሥሮቹ መስፋፋት አስተዋጽኦ እንዳለው ገልጸዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የበሽታው መነሻ ቫይረሱ ነው፤ በሮቹ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ከእነዚህ ውጤቶች ብዙዎቹም የተገኙት በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ካደጉ ሕዋሳት ነው። በሳሕን ላይ እድገትን የገታ ነገር ሁሉ በሰው አካል ውስጥ መድኃኒት አይሆንም።

በሩን መዝጋት ለምን ከበደ?

አስተዋይ ተማሪ «በሩ ጥፋተኛ ከሆነ ለምን በመድኃኒት አይዘጋም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሙከራው አለ። ለአለርጂ ይሰጥ የነበረው አስቴሚዞል የተባለ መድኃኒት ኬቪ10.1ን እንደሚዘጋና በቤተ ሙከራ የካንሰር ሕዋሳትን እድገት እንደሚቀንስ ታይቷል። ነገር ግን ይህ በር በልብ ጡንቻ ላይ የሚገኝ ሄርግ የተባለ የቅርብ ዘመድ አለው። ሄርግ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ልብን ወደ ዕረፍት ይመልሳል። አስቴሚዞል ይህንንም በር ስለሚዘጋ አደገኛ የልብ ምት መዛባት በማስከተሉ በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከገበያ ወጥቷል። አንዱን በር ዘግቶ ዘመዱን ሳይነኩ ማለፍ ገና ያልተፈታ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሕክምና የጋራ ጥያቄ ነው።

ዛሬ በእጃችን ያለው

መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ከበሩ ሥራ መዛባት ቀድሞ ቫይረሱን የሚያግድ ክትባት አለ። በሀገራችን ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2022 አንድ ጊዜ ብቻ መከተብም በቂ አማራጭ መሆኑን ካስታወቀ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 ለሆኑ ልጃገረዶች በዘመቻ ተሰጥቷል። «ክትባቱ መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ክትባቱ የቫይረሱን የውጭ ልባስ የሚመስሉ ባዶ የፕሮቲን ቅንጣቶችን እንጂ የቫይረሱን ዘረመል አልያዘም፤ ሊባዛም፣ በሽታም ሊያመጣ አይችልም።

ለክትባቱ ዕድሜያቸው ላለፈ እናቶች ደግሞ ምርመራ አለ። በተለምዶ አቼቶ የምንለው አሴቲክ አሲድ ተበርዞ በማሕፀን በር ላይ ይቀባል። ጤናማ ያልሆኑ ሕዋሳት ኒውክለሳቸው ትልቅ፣ ፕሮቲናቸውም የበዛ በመሆኑ አሲዱ ፕሮቲኑን ለጊዜው ያረጋዋል፤ የረጋው ፕሮቲን ብርሃንን ስለሚበትን ሥፍራው በአንድ ደቂቃ ገደማ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ ምልክት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ገና ካንሰር ያልሆነ ለውጥ ከሆነ በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። አንደኛው መንገድ ማቀዝቀዝ ነው። በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ካርቦንዳይኦክሳይድ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ይሰፋል፤ ሲሰፋም በጣም ይቀዘቅዛል። በፊዚክስ ክፍል የጁልና የቶምሰን ክስተት ብለን የምናስተምረው ይህ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ደግሞ ከ25 ዓመት ጀምሮ፣ እንዲመረመሩ ይመከራል።

ችግሩ ብዙዎች የሚመጡት ደም መፍሰስ ወይም ሕመም ከጀመረ በኋላ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምናና የጨረር ሕክምና ያስፈልጋል። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለረጅም ዓመታት በመላ ሀገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ እንደ ጅማ ባሉ የክልል ከተሞች የተጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች በፈረቃ የምትሠራ እናት ያለ ሕመም ለምርመራ ግማሽ ቀን መውሰድ ቀላል እንደማይሆንላት ይገባናል። ሆኖም ያ ግማሽ ቀን ከወራት ሕክምና ያድናል። በአካባቢዋ ያለውን ጤና ጣቢያ ወይም ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልን ብትጠይቅ ምርመራው የት እንደሚገኝ ይነግሯታል። ይህን ጥያቄ በቤት ውስጥ ለማንሣት ከሁሉ የሚቀርቡት ደግሞ የተማሩ ልጆቿ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ከመቶ 90 ልጃገረዶች እንዲከተቡ፣ ከመቶ 70 ሴቶች እንዲመረመሩ፣ ከታመሙትም ከመቶ 90ዎቹ እንዲታከሙ ግብ አስቀምጧል። ለዚህ ግብ ሐኪሞችና ነርሶች ብቻ አይበቁም። የጨረርን መጠን የሚያሰላ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ የሚበላሸውን የማቀዝቀዣ መሣሪያ የሚጠግን መሐንዲስ፣ ኬቪ10.1ን ከሄርግ ለይቶ የሚዘጋ ሞለኪዩል በኮምፒዩተር የሚፈልግ ኬሚስት ያስፈልጋሉ። ፊዚክስ ስለ ከዋክብትና ስለ ፑሊ ብቻ የሚያወራ ትምህርት የሚመስላቸው ተማሪዎች፣ የኔርንስትን ቀመር በደብተራቸው ላይ ሲሠሩ በእናቶቻቸው ሕዋስ ላይ ያለውን ቮልቴጅ እያሰሉ መሆናቸውን ቢያውቁ መልካም ነው።